ስለ እምቧዩና ስለ አዴ ሲንቄ ድመት የተወሰነው ሁሉ

የሁሉቃ ዳር የጋራ መኖሪያ ግቢ ነዋሪዎች ኮሚቴ
ቃለ ጉባኤ ቁጥር 31

ቀን፦ ቅዳሜ ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አምቦ

ቦታ፦ የግቢው ጥበቃ ቤት። ስብሰባው የተጠራው አዳራሽ ነበር። የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ግን ፊራኦል ኪስ ውስጥ ነው፤ ፊራኦል ደግሞ ጊንጪ ሠርግ ላይ ነው።

የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00። የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡25።

የተገኙ፦
1. ኦቦ ቱፋ፣ ሰብሳቢ
2. ኦቦ ዋቅጋሪ፣ ምክትል ሰብሳቢ፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቁ
3. ወ/ሮ መንበረ፣ ንብረት ያዥ
4. ኦቦ ኤጄታ፣ አባል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
5. ዶርቃስ፣ ጸሐፊ፤ በሌለችበት የተመረጠች

ያልተገኙ፦ ፊራኦል (ከላይ እንደተጠቀሰው)፣ ናኦሚ (የተማሪ ፈተና እያረመች)፣ ቶሌራ (መኪናው ጌዶ ላይ ተበላሽቶበት)፣ ኦቦ ቀንዓ (በጽሑፍ ፈቃድ ወስደው፤ ከስብሰባው ቦታ ፊት ለፊት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሸንኮራ ሲመጡ ይታያሉ)።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ኮሚቴው ዘጠኝ አባላት አሉት። ከግማሽ በላይ ማለት አምስት ነው፤ የተገኘውም አምስት ነው። ኦቦ ዋቅጋሪ ደንቡን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው አንቀጽ 11ን አነበቡ። በስብሰባ መሀል ሰው ወጥቶ ቁጥሩ ከአምስት ከወረደ ስብሰባው እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ እንደገና ለመጥራትም የሦስት ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ሰብሳቢው ሰኞ እንግዶች ስለሚመጡ ሦስት ቀን የሚባል ነገር የለንም አሉ። ስብሰባው እስኪያልቅ ማንም ከበሩ እንዳይወጣም አዘዙ። ወ/ሮ መንበረ ሽንት ቤትስ ብለው ጠየቁ። ጉዳዩ በሰፊው ከታየ በኋላ በአጀንዳ ስላልተያዘ ታለፈ።

ስለ አጻጻፉ፦ ቃለ ጉባኤ ቁጥር 30 አጭር ነው ተብሎ ከበላይ ተመልሶብናል። ስለዚህ ሰብሳቢው «ዛሬ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ» ብለው ጸሐፊዋን አስጠንቅቀዋል። ጸሐፊዋም እሺ ብላለች። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በትእዛዝ የተጻፈ ነው።

የዕለቱ አጀንዳ፦
1. ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ
2. ከብሎክ 3 ጀርባ የበቀለው እምቧይ ለድመት ያሰጋል ወይስ አያሰጋም (በአዴ ሲንቄ ማመልከቻ)
3. ለሰኞ እንግዶች የሚደረግ ዝግጅት
4. ልዩ ልዩ

አጀንዳ 1

ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብ ሲባል ሰብሳቢው ያለፈ ነገር ምን ይነበባል አሉ። ጸድቋል።

አጀንዳ 2

አዴ ሲንቄ የብሎክ 2 ነዋሪ ናቸው። እጃጂ ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት አገልግለው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አምቦ መጥተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ብቻቸውን ማለት ከድመታቸው ጋር ነው። ድመቷ አመድማ ስለሆነች ዳለቻ ትባላለች፤ ከእጃጂ በቅርጫት ሆና እሳቸው ጭን ላይ ነው የመጣችው። አዴ ሲንቄ የኮሚቴው አባል ስላልሆኑ ማመልከቻቸው ሲነበብ ከበሩ ውጭ እንዲቆሙ ተደርጓል። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምተዋል።

የማመልከቻው ቃል እንዲህ ይላል፦ «ድመቴ ሐሙስ ከሰዓት ከብሎክ 3 ጀርባ ያለውን እምቧይ፣ እኛ ሂዲ የምንለውን፣ ስታኝክ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ታስመልሳለች፣ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ከትናንት ጀምሮ መቆም አቅቷታል። ስለዚህ አንደኛ፣ ኮሚቴው ያን ተክል ያስነቅልልኝ። ሁለተኛ፣ ኦቦ ኤጄታ ሙያው ስላላቸው ዛሬውኑ አሥር ደቂቃ መጥተው ይዩልኝ፣ ማሎ፣ እባካችሁ። ሁለተኛው ይቅደም።»

ኦቦ ዋቅጋሪ ሁለተኛ የተባለ ነገር መቅደም ከቻለ ቁጥር ለምን ተፈጠረ ሲሉ ጠየቁ። አንደኛው እንዲቀድም ተወሰነ።

ወ/ሮ መንበረ ማመልከቻውን ከነጭራሹ እንደማይቀበሉት ገለጹ። ባለፈው ዓመት ገመድ ላይ የሰቀሉት ቋንጣ መጥፋቱን፣ ዳለቻም በማግሥቱ በመስኮታቸው ሥር ስታልፍ ሆዷ ተነፍቶ መታየቱን አስታወሱ። «ያቺ ሥጋ አዋቂ ናት፤ ቅጠል አኘከች ቢሉኝ አላምንም» አሉ። ኦቦ ዋቅጋሪ የቋንጣው ጉዳይ በቃለ ጉባኤ ቁጥር 19 ተነሥቶ በቃለ ጉባኤ ቁጥር 22 መሻሩን አስታወሷቸው። ወ/ሮ መንበረ ቋንጣው ግን አልተመለሰም አሉ።

ኦቦ ኤጄታ በሙያቸው አስተያየት እንዲሰጡ ተጠየቁ። እምቧይ ቅጠሉም ጥሬ ፍሬውም መርዝነት እንዳለው፣ ከብት ራሱ እንደሚሸሸው፣ ድመት አብዛኛውን ጊዜ ባትነካውም ካኘከችው የሚታየው ምልክት አዴ ሲንቄ የጻፉት ዓይነት እንደሆነ አስረዱ። ሌላ በሽታም ሊሆን ስለሚችል ሳያዩ አፋቸውን ሞልተው መናገር እንደማይችሉ ጨመሩ። ቀጥለውም «ቤታቸው እዚሁ ነው፣ ደርሼ ልምጣ» ብለው ተነሡ።

ሰብሳቢው ተቀመጡ አሏቸው። ኦቦ ኤጄታ ቆመው ቀሩ። ኦቦ ዋቅጋሪ አንቀጽ 11ን ለሁለተኛ ጊዜ አነበቡ። ኦቦ ኤጄታ ተቀመጡ።

ጸሐፊዋ እንግዲያው ስብሰባው አሥር ደቂቃ ይረፍ ስትል ሐሳብ አቀረበች። ኦቦ ዋቅጋሪ ደንቡ ስለ እረፍት አንድም ቃል እንደሌለው፣ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ደግሞ የተከለከለ መሆኑን አስረዱ። ሲያረቁት እረፍትን ረስተውት እንደሆነ ተጠየቁ። አልረሳሁትም፣ ያኔም እረፍት አልነበረንም ሲሉ መለሱ። ጸሐፊዋ ሌላ ሐሳብ አመጣች፤ አምስታችንም ተነሥተን አዴ ሲንቄ ቤት ብንሰበሰብስ አለች። ስብሰባው ከአዳራሽ ወደ ጥበቃ ቤት አንዴ ስለተዛወረ ሁለተኛ ቢዛወር ዞሮ ዞሮ የት እንደተደረገ አይታወቅም ተብሎ ውድቅ ሆነ።

ቀጥሎ ሰብሳቢው የጉዳዩን ክብደት አባላት እንዲረዱት ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ማብራሪያው «ይህ እንዳይጻፍ» በሚል ቃል ተጀምሯል። ጸሐፊዋ ግን አንዲት ቃል እንዳታስቀር አስቀድማ ስለታዘዘች ሁለቱንም ትእዛዝ ጽፋለች።

በሐምሌ ወር በተደረገው የተከላ ዘመቻ ግቢው አራት መቶ ጉድጓድ ቆፍሮ አራት መቶ የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ችግኝ ተክሏል። በፎቶ የተደገፈ ነው። ከፎቶው በኋላ አንድ ጣሳ ውሃ ያፈሰሰ ሰው የለም። ፍየል የበላው ተበላ፣ የቀረው ደረቀ። (የፍየሎቹን ባለቤት ጸሐፊዋ ጠይቃ ነበር፤ ወ/ሮ መንበረ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው አሉ።) ክረምቱ ሲወጣ በየጉድጓዱ ማንም ያልተከለው እምቧይ በቅሎ ተገኘ። በጥቅምት «የጸደቀ ችግኝ ብዛት» የሚል ፎርም ከበላይ ሲመጣ ሰብሳቢው ራሳቸው ወርደው ጉድጓድ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ያገኙትን ሁሉ ቆጠሩ። ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ሆነ። በመቶኛ ሲሰላ ዘጠና ሰባት ነው። ግቢው ሞዴል ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ወረቀቱም በመስታወት ሆኖ ከተሰብሳቢዎቹ ራስ በላይ ተሰቅሏል። ሰኞ ከጌዶ፣ ከእጃጂና ከደንዲ የሚመጡ ልዑካን ዘጠና ሰባት በመቶ እንዴት እንደሚጸድቅ ልምድ ሊቀስሙ ነው።

«እምቧይ መርዝ ነው ብለን ከወሰንን» አሉ ሰብሳቢው፣ «ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት መርዝ ተክለን ተሸልመናል ማለት ነው። ቃለ ጉባኤያችን ደግሞ ከበላይ ይነበባል።»

ኦቦ ዋቅጋሪ ከመነጽራቸው በላይ ሰውን ሁሉ ካዩ በኋላ፣ እንዲህ ከሆነ መመርመር ያለበት ተክሉ ሳይሆን የድመቷ ጠባይ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ደገፉ። ወ/ሮ መንበረ ቋንጣውን ጠቅሰው ደገፉ።

5፡10 ሲሆን አዴ ሲንቄ ሳይጠሩ ገቡ። ዳለቻ መንቀጥቀጥ እንደጀመራት፣ ውሃ እንኳ ማውረድ እንዳቃታት ተናገሩ። ሃያ ስድስት ዓመት በሽተኛ እንዳዩ፣ ይህ መንቀጥቀጥ ደህና እንዳልሆነ እንደሚያውቁ፣ ለእንስሳ ግን ምን እንደሚደረግ እንደማያውቁ አስረዱ። «ኦቦ ኤጄታ፣ ማሎ፣ ተነሥልኝ» አሉ።

ሰብሳቢው ጉዳያቸው እየታየ መሆኑን ገልጸው በትዕግሥት እንዲጠብቁ አሳሰቡ። አዴ ሲንቄ መታየት ያለባት ድመቷ አይደለችም ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ኮሚቴውን አንድ በአንድ አይተው «እናንተ የእምቧይ ካብ ናችሁ» አሉ። ወ/ሮ መንበረ ስድብ ነው፣ ይቅርታ ይጠይቁ አሉ። ኦቦ ዋቅጋሪ ንግግሩ ውስጥ እምቧይ ስላለበት ከአጀንዳው አልወጣም ሲሉ ፈረዱ። ኦቦ ኤጄታ በመሀል ገብተው በግድ ምንም እንዳያጠጧት፣ ጨርቅ ጠቅልለው ሙቀት ላይ እንዲያስተኟት ነገሯቸው። ሰብሳቢው ይህ ምክር ዕድል ሳይጠየቅ የተሰጠ መሆኑ እንዲመዘገብ አዘዙ። ተመዝግቧል።

ድመቷ ወደ ስብሰባው ትምጣ የሚል ሐሳብ ከኦቦ ኤጄታ ቀረበ። በምን ሥልጣን የሚለው አከራከረ። በታዛቢነት መገኘት እንደምትችል ስምምነት ላይ ከተደረሰ በኋላ አዴ ሲንቄ ሲነኳት እንደምትጮህና ልትነሣ እንደማትችል ስላስረዱ የታዛቢነት ቦታው ክፍት ሆኖ ቀረ።

ጸሐፊዋ ኦቦ ቀንዓ ለአሥር ደቂቃ ገብተው ቁጥሩን ይሙሉልን አለች። ሰብሳቢው በመስኮት ተጣሩ። ኦቦ ቀንዓ ሸንኮራቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ ፈቃዳቸው በጽሑፍ የጸደቀ መሆኑን፣ ስብሰባ ላይ ከታዩ ግን ፈቃዱ ውሸት እንደሚሆንባቸው ተናገሩ። «እኔ የለሁም» ሲሉ ጮክ ብለው መለሱ። አለመኖራቸው ተረጋግጧል። አዴ ሲንቄ ሻሻቸውን አጥብቀው ወጡ።

በመቀጠል ዋናው ጥያቄ ለድምፅ ቀረበ። እምቧይ ለድመት ያሰጋል የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ጸሐፊዋ አወጣች። ኦቦ ኤጄታ እጃቸውን እስከ ጆሯቸው ድረስ አነሡና ወደ ሰብሳቢው አዩ። ሰብሳቢው የኦቦ ኤጄታ የቤት ዕድሳት ጥያቄ ከስድስት ወር ጀምሮ ጠረጴዛቸው ላይ መሆኑን፣ ይህን የሚሉትም እንዲያው ትዝ ስላላቸው ብቻ መሆኑን ገለጹ። ኦቦ ኤጄታ ጆሯቸውን አክከው እጃቸውን አወረዱ። ድምፀ ተዐቅቦ ተብሎ ተይዟል። ጸሐፊዋ ይህን ስትጽፍ አፍራለች፤ ማፈሯም ከሚጻፉት ቃላት ስለሆነ አላስቀረችውም።

ውሳኔ 2.1፦ ከረጅም ውይይት በኋላ እምቧይ በጸደቀ ችግኝነት ሪፖርት እስከተደረገ ድረስ ለድመት እንደማያሰጋ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዐቅቦ ተወሰነ።

ውሳኔ 2.2፦ የድመቷ ሕመም ከውሳኔ 2.1 ጋር ስለሚጋጭ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግለት ተወሰነ።

አጀንዳ 3

ሰብሳቢው ሰኞ እንግዶቹ በብሎክ 3 ጀርባ ሲያልፉ የታመመ ድመት እንዳያዩ ምን ይደረግ ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ መንበረ ቶሌራ መኪናው ሲጠገንለት ተመልሶ ሲሄድ ጌዶ ያድርሳት አሉ። ኦቦ ዋቅጋሪ ከጌዶ የሚመጡት እንግዶች መንገድ ላይ ከድመቷ ጋር እንዳይገናኙ ሥጋታቸውን ገለጹ። የእንግዶቹ መኪና ሲመጣ፣ የድመቷ መኪና ሲሄድ በየት በየት እንደሚተላለፉ ተሰላ። ጉደር ላይ እንደሚገናኙ ታወቀ። ሐሳቡ ተተወ።

«ድመት በዚህ በኩል ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ በሚለው ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ክርክር ተደረገ። ጸሐፊዋ ለድመቷ ማን እንደሚያነብላት ጠየቀች። ኦቦ ዋቅጋሪ የማስታወቂያ ዓላማ መነበብ ሳይሆን መለጠፍ መሆኑን ከአርባ ዓመት የማስተማር ልምዳቸው አስረዱ።

5፡55 ሲሆን አዴ ሲንቄ ለሁለተኛ ጊዜ ገቡ። ለሰብሳቢው አልተናገሩም። ቀጥ ብለው ኦቦ ኤጄታ ፊት ቆመው፣ ዓይኗ ተከፍቶ እንደማያይ፣ ትንፋሿም እየራቀ መሆኑን በአፋን ኦሮሞ ነገሯቸው። ስብሰባው የሚካሄደው በአማርኛ ነው የሚል የሥነ ሥርዓት አስተያየት ከወ/ሮ መንበረ ቀረበ። ቃሉ ተተርጉሞ ተመዝግቧል። ኦቦ ኤጄታ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ሰብሳቢው አዩ፣ ወደ ጫማቸው አዩ። ሰብሳቢው የቀረው አንድ አጀንዳ ብቻ እንደሆነና ቶሎ እንደሚያልቅ ቃል ገቡ። ኦቦ ኤጄታ «አዴ፣ አሁን እመጣለሁ» አሉ። አዴ ሲንቄ «አሁን» የሚለውን ቃል ራሳቸው ደግመው ሲናገሩት ተሰምቷል፤ ከዚያ ወጡ።

«ቶሎ» በተባለው ጊዜ ውስጥ የሚከተሉት ተወስነዋል። ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንቱም እምቧይ በየሥሩ ነጭ ኖራ እንዲቀባ (ውሳኔ 3.1)። ብጫ ፍሬው ዓይን ስለሚስብ እስከ ሰኞ እንዲለቀም፣ ለቀማውም በእሾሁ ምክንያት በሌላ ሰው እንዲከናወን (ውሳኔ 3.2)። ጉድጓድ ቁጥር አንድ የክብር እንግዳው ፎቶ የሚነሡበት ስለሆነ «ወይራ» የሚል ታርጋ እንዲንጠለጠልበት (ውሳኔ 3.3)። ለድመቷ ሕመም ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ አባላቱም እዚሁ ያለነው እንድንሆን (ውሳኔ 3.4)። ንዑስ ኮሚቴው ለመነጋገር ለብቻው መውጣት ፈልጎ፣ ከወጣ ምልዓተ ጉባኤ ስለሚጎድል እዚያው በተቀመጠበት ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተነጋግሯል። ምክንያት አላገኘም።

6፡40 ሲሆን አዴ ሲንቄ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። በሩን አላንኳኩም፤ ወደ ውስጥም አልገቡም። በአንድ እጃቸው የግቢውን አካፋ ይዘዋል። ሁለቱም እጃቸው እስከ ክንዳቸው አፈር ነበር፤ ቀኝ መዳፋቸው እሾህ በጣጥሶት ይደማል።

ወ/ሮ መንበረ አካፋው በወጪ ፎርም ተፈርሞ የወጣ እንደሆነ ጠየቁ። አዴ ሲንቄ አለመፈረማቸውን አመኑ። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው «ይኸው ንብረታችሁ» አሉ።

ሰብሳቢው ምን እንደቆፈሩ ጠየቁ። አዴ ሲንቄ የእናንተን አንዱን ነቅዬ ዳለቻን አስተኛሁበት ብለው መለሱ። ሰብሳቢው ቁጥሩ ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት መሆኑ ስላሳሰባቸው የትኛውን ጉድጓድ እንደሆነ ጠየቁ። «የመጀመሪያውን» አሉ። ኦቦ ዋቅጋሪ የክብር እንግዳውን ጉድጓድ አሉ። ማንም አልሳቀም።

ኦቦ ኤጄታ ተነሡ። አዴ ሲንቄ በእጃቸው ምልክት አስቀመጧቸው። ንግግራቸው እንዳለ ይህ ነው፦ «አሁን አትምጣ፣ ልጄ። ቀጥሉ፣ ሰው ይጎድልባችኋል።» አልጮሁም። ጸሐፊዋ ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

ሄዱ። ሰብሳቢው የኅሊና ጸሎት ይደረግ ወይስ አይደረግ ብለው ጠየቁ፤ ለድመት ተደርጎ ስለማያውቅ ጉዳዩ ወደ ልዩ ልዩ ተዛወረ።

አጀንዳ 4

6፡55 ሲሆን የሰብሳቢው ስልክ ጠራ። ሰብሳቢው ቆመው አነጋገሩ። «አዎ ጌታዬ» ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ፣ «ከመጀመሪያውም ብለን ነበር» አራት ጊዜ ብለዋል። ስልኩን ዘግተው የሚከተለውን አበሠሩ። የሰኞው ጉብኝት ዓላማ ተለውጧል። አሁን የሚፈለገው የጸደቀ ችግኝ ሳይሆን የተነቀለ ጎጂ አረም ነው። እያንዳንዱ ግቢ ስንት ጎጂ አረም እንዳለው ዛሬውኑ በቁጥር ያሳውቃል፤ ሰኞ እንግዶች ባሉበት ይነቅላል፤ ብዙ የነቀለ ይሸለማል።

ሰብሳቢው ፊታቸው በርቶ፣ ኮሚቴው የእምቧይን አደገኛነት ከማንም ቀድሞ የተገነዘበ መሆኑን፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የተሰበሰብነውም ለዚሁ መሆኑን አስታወሱ። ጸሐፊዋ ውሳኔ 2.1ን አነበበችላቸው። ሰብሳቢው ያ ውሳኔ የተወሰነው መረጃ ባልተሟላበት ሁኔታ ነው አሉ።

ውሳኔ 4.1፦ እምቧይ ለድመት፣ ለከብት፣ ለሰውና ለልማት እጅግ አደገኛ መሆኑ በአንድ ጊዜ ተወሰነ። ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ሰኞ ይነቀላል።

ኦቦ ዋቅጋሪ እነዚሁ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት በጥቅምቱ ሪፖርት ጸድቀዋል ተብለው ስላሉ እንዴት እንደሚታረቅ ጠየቁ። ሰብሳቢው ሪፖርቶቹ የሚገቡት የተለያየ ክፍል ስለሆነ እንደማይተዋወቁ አስረዱ። ጸሐፊዋ አንዱ ዛሬ ስለተነቀለ ሰባት ነው እንጂ ስምንት አይደለም አለች። ለሰኞ ፎቶ ከአጥር ሥር አንድ ተነቅሎ መጥቶ ጉድጓድ ቁጥር አንድ ላይ እንዲተከል፣ እንግዶቹ ሲመጡ እንደገና እንዲነቀል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያቀረበውን ሰው ስም ጸሐፊዋ በራሷ ፈቃድ አስቀርታለች፤ በዚህ ቃለ ጉባኤ የቀረችው ቃል ይህች ብቻ ናት።

ሰብሳቢው በመቀጠል ለሪፖርቱ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ የአዴ ሲንቄ ድመት በእምቧይ ምክንያት መሞቷ ደግሞ ግሩም ማስረጃ መሆኑን፣ ስለዚህ ኦቦ ኤጄታ በሙያቸው የሞት ምክንያቷን ጽፈው እንዲፈርሙ ጠየቁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ቀረበላቸው። የቤት ዕድሳቱ ጉዳይም ሰኞ እንደሚያልቅ ተነገራቸው።

ኦቦ ኤጄታ እስክሪብቶውን ያዙ። «አላየኋትም» አሉ።

ሰብሳቢው ለፎርማሊቲ ነው አሉ። ኦቦ ኤጄታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት፦ «አላየኋትም አልኩ እኮ! በእምቧይ ትሙት በሌላ፣ ትድን እንደነበረ፣ አትድን እንደነበረ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጠሩኝ፤ ከዚህች ወንበር አልተነሣሁም። ምን ብዬ ነው የምፈርመው?» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ተነሡ። ሰብሳቢው አንቀጽ 11 አሉ። ወ/ሮ መንበረ አንቀጽ 11 አሉ። ኦቦ ዋቅጋሪ ደንቡን አወጡ እንጂ አላነበቡም።

ኦቦ ኤጄታ 7፡12 ሲሆን በበሩ ወጡ። በሩ አልተቆለፈም ነበር፤ ከጠዋቱም አልተቆለፈም።

ምልዓተ ጉባኤ ስለጎደለ ሰብሳቢው ቀሪዎቹን ሦስት አባላት ቀጣዩ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ኦቦ ዋቅጋሪ በአንቀጽ 11 መሠረት ስብሰባው እንዳልተደረገ ስለሚቆጠር ውሳኔ 2.1፣ 2.2፣ ከ3.1 እስከ 3.4 እና 4.1 በሙሉ እንደሌሉ ናቸው አሉ። እምቧይ ለድመት ያሰጋል አልተባለም፤ አያሰጋም አልተባለም። ሰብሳቢው ይህንንስ መወሰን እንችላለን ወይ ብለው ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ምልዓተ ጉባኤ ስለሌለ ምንም ነገር እንዳልተወሰነ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ወ/ሮ መንበረ ቃለ ጉባኤው እንደማይጻፍ ተስፋቸውን ገለጹ። ከዚያ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው፣ አካፋውን ከግድግዳው አንሥተው ያለ ወጪ ፎርም ይዘው ወጡ። ወደ ብሎክ 3 ጀርባ ነው የሄዱት። ኦቦ ኤጄታ እዚያ ተንበርክከው በባዶ እጃቸው እምቧይ ይነቅሉ ነበር። ሰብሳቢው ለሰኞ ተዉልን ሲሉ በመስኮት ተጣሩ። ኦቦ ቀንዓም ከበረንዳቸው ወርደው ሲሄዱ ታይተዋል፤ ፈቃዳቸው እስከ ማታ ነበር።

ያልተደረገው ስብሰባ 7፡25 ሲሆን ተበተነ።

ሰብሳቢው አልፈረሙም። ኦቦ ዋቅጋሪ ባልተደረገ ስብሰባ ላይ ስለመፈረም ደንቡ ምን እንደሚል ደንቡን እያገላበጡ ነው። ዶርቃስ ፈርማለች።

አንዲት ቃል እንዳትቀር፦ ጸሐፊዋ ከወጣች በኋላ ከጥበቃ ቤቱ በር እስከ አዴ ሲንቄ ቤት ድረስ በእግሯ ለክታዋለች። ስልሳ አንድ እርምጃ ነው።